ልጁ የለቀቀው ክፍል

ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ኮድ መጻፍ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ መጋል ነው። ቬንትሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ሞቃት አየር ነው፤ መብራት ከሄደ እሱም የለም። ሥራዬ ከኢንተርኔት ሌላ ምንም አይፈልግም። ስለዚህ ጓደኞቼ «ዋርያ፣ ሐረር ገብተህ ለምን አትኖርም?» ሲሉኝ ደህና መልስ አልነበረኝም። በሚኒባስ ደንገጎን ከወጣህ በኋላ ጃኬት ያምርሃል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ 1,200 አካባቢ ነን።

ባለፈው ወር ጁገል ውስጥ አንድ የሚከራይ ክፍል ላይ ሄድኩ። የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል ቀይ መደብ አለው፣ ግድግዳው ላይ ስፌቶች ተደርድረዋል፣ ከግንቡ ውጪ ያለው የባጃጅ ጩኸት አይሰማም። ፈዝዤ ቀረሁ። ለባለቤቱም «ጋሼ፣ ይሄን ቤት መንካት ወንጀል ነው» አልኳቸው።

ሳቁብኝና የጣሪያውን አንድ ጥግ አሳዩኝ። ረጥቦ ጠቁሯል። «ወንጀሉ እዚያ ጋ ነው፤ ክረምት ና።» እንደነገሩኝ ክፍሉ የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር። ሲያገባ ከላይ አንድ ክፍል መጨመር ፈልጎ ነበር፤ ግን ቅርስ ውስጥ እንደፈለጉ አይሠራም። ፈቃድ አለ፣ ድንጋይና ጭቃ የሚያውቅ ግንበኛ መፈለግ አለ፣ እሱም ርካሽ አይደለም። ልጁ ከግንቡ ውጪ የብሎኬት ቤት ተከራየ።

እኛ ሙያ ውስጥ ይሄ የታወቀ ነው። የቆየን ሲስተም የሚያደንቀው ሌሊት ሲበላሽ የማይጠራው ሰው ነው። «አትንኩት፣ ይሠራል» ማለት ቀላል ነው፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ፣ ያውም ጥገናው ለሌላ ሰው በተሰጠበት ጊዜ።

ጁገል በዩኔስኮ የተመዘገበው በሐምሌ 1998 ዓ.ም ነው። ያው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ልጅ ነበርኩ፤ ስለ ዩኔስኮ ማንም አልነገረኝም፣ ጎርፉን ግን አስታውሳለሁ። ሁለቱ ከተሞች መቼም ተነጣጥለው አያውቁም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እኛ ጋ የደረሰው ተራራው ስለከበደው ነው፤ ሐረርን ትቶ ከሥሯ ሌላ ከተማ ወለደ። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ከድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ወደ ሐረር ይገፋል። እኔ ያማረኝ የተራራ ጠዋት ፊቱን የሚታጠበው ከዚህ ሙቀት በወጣ ውሃ ነው።

«እንግዲያው ነዋሪው እንደፈለገ ያድርገው፣ መጤው ዝም ይበል» የሚል አለ። አልስማማም። ለዘመናት የቆመ ከተማ የዛሬው ባለይዞታ ብቻ አይደለም፤ ጋሼም ቢሆኑ ቤቱ እንዲፈርስ አይፈልጉም። ግን «ይጠበቅ» የሚል ሰው የመጠበቂያው ወጪ ላይ እጁ ከሌለበት ድምፁ ምን ያህል ይመዝናል? ጎብኚ የመግቢያ ከፍሎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ማታ ጅብ ሲበላ አይቶ ይሄዳል። ልጁ ግን ሚስቱን የት እንደሚያስገባ ማሰብ አለበት።

«ተከራይቼ ብኖርስ? ኪራዬ ጣሪያውን ያሳድሳል» አልኩ። እውነት ነው። ግን እንደኔ ከርቀት የሚሠሩ፣ ደህና የሚከፈላቸው አሥር ሰዎች ከገቡ የጁገል ኪራይ የት ይደርሳል? ያኔ ሁለተኛው ልጅም ይወጣል። ግንቡ ይጠበቃል፣ ነደባው ቀይ ይቀባል፣ ውስጡ ያለነው ግን እኛ ነን፣ ብርድ ፈልገን የመጣን። ይሄን ካሰብኩ ወዲህ ክፍሉ እንደ መጀመሪያው ቀን አያምረኝም ብል ደስ ባለኝ። ያምረኛል።

ትናንት ጋሼ ደወሉ። ክረምት ሳይገባ ቁርጡን እንድነግራቸው ነው። ሌላ የምለው ሲጠፋኝ አልጋው የሚቆመው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ያው በሚያፈሰው በኩል ነው» አሉኝ። «ልጄም እዚያ ነበር የሚተኛው።»