ስለ ጨዋታ ሒሳብ

ዓመት ሊያልቅ ሲቃረብ ሰው ሁሉ እንደየሥራው ይተሳሰባል። ነጋዴው ትርፉንና ኪሳራውን ከመዝገቡ ያያል፤ ገበሬው ጐተራውን ይመለከታል፤ መነኵሴው ኅሊናውን ይመረምራል። ይህ ሁሉ የተለመደ ስለ ሆነ የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። ዳሩ ግን በአውሮጳና በአሜሪካ ከተሞች፣ ዛሬም በሌላው ዓለም በብዙ ስፍራ፣ በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ መዝገቡን ዘርግቶ የሚተሳሰብ ሌላ ዐይነት ሰው አለ፤ እርሱም የሚቈጥረው ገንዘቡን ወይም ኀጢአቱን ሳይሆን ጨዋታውን ነው። በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ከጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እንደ ተጫወተ፣ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ፣ ስንት አዲስ ጨዋታ እንደ ገዛ፣ ከገዛቸውም ውስጥ ስንቱ ሳጥናቸው ሳይከፈት እንደ ቀረ አንድ በአንድ ይጽፋል። ከዚያም በሚመጣው ዓመት ይህንና ያንን አደርጋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ይገባል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጨዋታን መቍጠር ይገባልን? ጨዋታ ከሒሳብ ለማረፍ የተፈለገ ነገር ከሆነ፣ እርሱኑ መልሶ በሒሳብ ማሰር ዕረፍቱን ማጥፋት አይደለምን?

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። የጠረጴዛ ጨዋታ ሲባል ልጆች የሚያዘወትሩት ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ዓ.ም. (በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ፣ ዐዋቂዎች ትንንሽ የወታደር ምስሎችን በቤት ወለል ላይ አሰልፈው በደንብ የሚዋጉበትን ሥርዐት አስተማረ። በመጽሐፉም መጨረሻ እውነተኛውን ጦርነት ከዚህ ከትንሹ ጋራ አስተያይቶ የትልቁን ሞኝነት ነቀፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን ትልቁ ጦርነት በአውሮጳ ተነሣ። በ1974 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን፣ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባለውን አወጡ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ጠባይ ተላብሰው፣ አንዱ በሚተርክላቸው አገር ይጓዛሉ፤ አሸናፊና ተሸናፊ የለበትም፤ የሚያልቀውም ተጫዋቾቹ ሲበቃቸው ነው። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ክላውስ ቶይበር የሚባል ጀርመናዊ፣ ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ማበጀት የነበረ፣ «ካታን» የሚባለውን አቀረበ፤ በእርሱም ተጫዋቾች እንጨትን በጡብ፣ በግን በስንዴ እየተለዋወጡ በአንዲት ደሴት ላይ መንገድና መንደር ያቀናሉ። በጀርመን አገር ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የዓመቱ ጨዋታ ተመርጦ ይሸለማል፤ በ1983 ዓ.ም.ም በኤሰን ከተማ ለዚሁ የተለየ ትርዒት ተቋቁሟል። በየዓመቱ የሚታተመው አዲስ ጨዋታ አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ሊጫወተው ከሚችለው እጅግ የበለጠ ሆኗል።

ከዚህ የተነሣ በተጫዋቾች ዘንድ አንድ የቀልድ ቃል ተለምዷል። ገዝተው ያልተጫወቱበትን ሳጥን፣ ቀለምም ያልቀቡትን የወታደር ምስል ቍልል «የኀፍረት ክምር» ይሉታል። ቃሉ በሣቅ የሚነገር ቢሆንም ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ሰው በቀልድ የሚናገረው ብዙ ጊዜ በቁም ነገር ሊናገረው ያልደፈረውን ነውና። ሰው ስለ ጨዋታ ዕቃ ስለ ምን ያፍራል? እህል ሳይበላ ቢበሰብስ ያሳፍራል፤ የተራበ አለና። ልብስ ሳይለበስ ብል ቢበላው ያሳፍራል፤ የታረዘ አለና። ያልተከፈተ የጨዋታ ሳጥን ግን ማንን በደለ?

መልሱ ከገዢው አሳብ ውስጥ ይገኛል። ሰውየው ሳጥኑን በገዛበት ሰዓት የገዛው ካርቶንና እንጨት ብቻ አልነበረም። ከሥራ ያረፈበትን ምሽት፣ ወዳጆቹ የተሰበሰቡበትን ጠረጴዛ፣ ሣቅና ክርክር የሞላበትን ቤት በአሳቡ አይቶ፣ ያን ምሽት የገዛ መስሎት ነው። ባለ ሱቁ ግን ምሽት አይሸጥም። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ የተከመረው ሳጥን ሁሉ ያልመጣ ምሽት ምልክት ነው። አንዱ ምሽት ሳይመጣ ሲቀር ሰውየው ሌላ ሳጥን ይገዛል፤ ተስፋው ይታደሳል፤ ክምሩም ይጨምራል።

የዓመቱ መጨረሻ ቃል ኪዳን ይህን ክምር ለመናድ የሚደረግ ነው። አንዱ ያለኝን ሳልጫወት ሌላ አልገዛም ይላል። ሌላው ዐሥር ጨዋታዎችን መርጦ እያንዳንዱን ዐሥር ጊዜ ለመጫወት ይወስናል፤ ይህ ዐሥር በዐሥር የሚባለው ውሳኔ በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ነው። ሦስተኛው ይህን ያህል ምስል ቀለም እቀባለሁ ይላል። ቍጥሩን መርምሮ ላየው ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ዐሥር በዐሥር 100 ጊዜ ይሆናል፤ አንዱ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ 200 ሰዓት ነው፤ በየሳምንቱም ሁለት ጊዜ ያህል መሰብሰብን ይጠይቃል። 300 ምስል ያከማቸ ሰው በዓመት 50 ቢቀባ፣ አንድ አዲስ እንኳ ሳይጨምር፣ ክምሩን ለመጨረስ ስድስት ዓመት ያስፈልገዋል። ሥራና ቤተ ሰብ፣ ሕመምና ሐሳብ ያለበት ሰው ይህን በዓመቱ መባቻ በደስታ ይጽፈዋል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ጨዋታው ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ጨዋታን ፈጽመው የሚነቅፉ ሰዎች፣ ዋዛ ፈዛዛን የወደደ ሰው ዋጋው ይኸው ነው ይሉ ይሆናል። ይህ ፍርድ ግን የችኰላ ነው። አርስጣጣሊስ ስለ ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ፣ በዐሥረኛው ክፍል፣ ሰው የሚጫወተው ለቁም ነገር እንዲበረታ ነው የሚለውን አሳብ ደግፏል፤ ሰው ያለ ማቋረጥ ሊደክም አይችልምና ዕረፍት ያስፈልገዋል። ዮሐንስ ካስያንም በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ግብጽ መነኮሳት በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ታሪክ አኑሯል። ወንጌላዊው ዮሐንስ አንዲት ቆቅ በእጁ እየዳበሰ ሲጫወት አንድ አዳኝ አይቶት፣ እንዲህ ያለ ታላቅ ሰው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ስለ ምን ይደሰታል ብሎ ተደነቀ። ሐዋርያውም በእጅህ ያለውን ደጋን ስለ ምን ሁልጊዜ ገትረህ አትይዘውም ብሎ ጠየቀው፤ አዳኙ ጕልበቱ እንዳይጠፋ ነው ባለው ጊዜ የሰውም መንፈስ እንደዚሁ መላላት እንደሚያስፈልገው ነገረው።

ይህ ምሳሌ የሚገሥጸው ጨዋታን የሚነቅፉትን ብቻ አይደለም። ደጋኑን አላልቶ፣ ስንት ሰዓት እንደ ላላ ተቀምጦ የሚቈጥር አዳኝ ቢኖር ምን ይባላል? ደጋኑ አርፏል፤ የአዳኙ ልብ ግን አላረፈም።

ይሁን እንጂ መቍጠር በራሱ ክፉ ነው ማለት አይቻልም። «ዘንድሮ ብዙ ተጫወትሁ» የሚል ሰው መዝገቡን ሲገልጥ ሃያ ሳጥን ገዝቶ ስድስት ጊዜ ብቻ እንደ ተቀመጠ ሊያገኝ ይችላል። ያለ መዝገብ ይህን አያውቀውም ነበር፤ ሰው ስለ ራሱ ያለው ትዝታ ለራሱ ያደላልና። ለመግዛት ገንዘብና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ለመጫወት ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ብቻውን የሚያደርገው እየበዛ ከሌላው ጋራ የሚያደርገው እያነሰ መሄዱን ቍጥሩ ካሳየው፣ ቍጥሩ መልካም አገልጋይ ነው። ከቃል ኪዳኖቹም መካከል «አልገዛም» የሚለው በዚህ ምክንያት ከሌሎቹ ይሻላል፤ በራሱ ፈቃድ የሚፈጸም ነውና። አለመግዛት ብቻውን ምሽቱን አያመጣም እንጂ። ከዚህ አልፈው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከክምራቸው ለሌላ ሰው የሚሰጡም አሉ፤ ሰባት ዓመት ታሽጎ የኖረ ሳጥን ልጆች ወዳሉበት ቤት ሲገባ በዚያው ምሽት ይከፈታል።

አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዕዳ ካለ አበዳሪ አለ። ታዲያ የጨዋታው ዕዳ አበዳሪ ማን ነው? ቀለም ያልተቀባው ወታደር ምንም አይጠይቅም፤ ሳጥኑም ባይከፈት አያዝንም። በሚመጣው ወር እንገናኛለን ተብሎ ሳይጠራ የቀረው ወዳጅ ግን አለ። በመዝገቡ ውስጥ ሳጥኖቹ በየስማቸው ተጽፈው ሳለ የእርሱ ስም የለም። ተጫዋቹ አርባ ሳጥን ሳይከፈት መቅረቱን ጽፎ ሲያዝን፣ ቀድሞ በየሳምንቱ በፊቱ ይቀመጥ የነበረውን፣ ዘንድሮ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ያልጠየቀውን ሰው አይቈጥረውም። ኀፍረት የሚገባ ቢሆን እዚህ ላይ በተገባ ነበር።

እንግዲያው በሳጥኑ ፈንታ የሰው ስም ይጻፍ ቢባልስ? ይህም አደጋ አለበት። ዐሥር በዐሥሩን ለመፈጸም አንድ ጊዜ ብቻ የቀረው ሰው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ወዳጁን ይጠራል እንበል። ወዳጁ ደክሞታል፤ ቢሆንም ስለ ፍቅር ይመጣል። ጨዋታው እኩሌታው ላይ ሲደርስ እንግዳው ስለ እናቱ ሕመም ማውራት ይጀምራል። ባለ ቤቱ ሰዓቱን ያይና «ተራህ ደርሷል» ይለዋል። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጨዋታው ያልቃል፤ በመዝገቡም ላይ የመቶኛው ምልክት ይደረጋል። እንዲህ ያለው ሰው ያለውን ፈጽሟል፤ ማንም ሐሰተኛ ሊለው አይችልም። ዳሩ ግን ወዳጁን ከጠረጴዛው እግሮች እንደ አንዱ አደረገው። ሰውን ለቍጥር ማሟያ መጥራት ካለመጥራት የሚብስበት ጊዜ አለ፤ ያልተጠራው ምናልባት ረስቶኝ ይሆናል ይላል፤ እንዲህ የተጠራው ግን መረሳቱን በፊቱ ተቀምጦ ያየዋል።

የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ነገር የሚረዳ ዐመል አለው። ጨዋታ ሲል የሰሌዳውንም የወጉንም በአንድ ቃል ይጠራል። እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ «ተጫወት» ይባላል፤ ይህም ሰሌዳ ይቅረብልህ ማለት ሳይሆን ዝም አትበል፣ ከእኛ ጋራ ሁን ማለት ነው። ከወንድሙ ጋራ በዓመት ስንት ጊዜ እንደ ተጫወተ የሚመዘግብ፣ ለሚመጣውም ዓመት ይህን ያህል ጊዜ አወራዋለሁ ብሎ የሚወስን ሰው ቢገኝ፣ ወንድማማችነታቸው ምን ደርሶበት ይሆን ያሰኛል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥም ሁለቱን ጨዋታዎች እምብዛም አልለየም ነበር። ወረራ በሚባለው መጀመሪያ ክፍል፣ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን በአንድነት ያንቀሳቅሱ ነበር፤ የከበቡትም ሰዎች ዝም ብለው አይመለከቱም፣ ይመክሩ ይከራከሩ ነበር። ንጉሡ በምን ጠጠር እንደ ተያዘም ይታይ ነበርና ድል ሁሉ እኩል ክብር አልነበረውም። ከዚህ ሁሉ በኋላ በመዝገቡ «አንድ አሸነፍሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሆነው ነገር ጥቂቱን ብቻ ጻፈ።

ከዚህ ፍርድ አንድ ወገን ነጻ መውጣት አለበት፤ እርሱም ብቻውን ተቀምጦ ምስል የሚቀባው ነው። ቁመቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ወታደር ይዞ፣ ዐይኑና የልብሱ ቍልፍ እስኪለይ ድረስ በቀጭን ብሩሽ ሌሊቱን ይደክምበታል። ይህ በስም ጨዋታ ይባል እንጂ የእጅ ሥራ ነው። የብራና ጸሐፊ ቅጠሉን እንደሚቈጥር እርሱም ምስሉን ቢቈጥር የሚጐዳው የለም፤ ቍጥሩ እጁን ያተጋዋል። ሃምሳ ብሎ ሠላሳ ቢፈጽም እንኳ ሠላሳው በፊቱ ቆሞ ይታያል።

ለብዙ ዓመት የሚቀጥለው የትረካ ጨዋታ ግን ከሁሉ ይከብዳል። አምስት ሰዎች አንድ ታሪክ ይጀምራሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ አንዲቱ ልጅ ትወልዳለች፤ አንዱ ይሞታል። ተራኪው ግን በየዓመቱ መጨረሻ «በሚመጣው ዓመት ታሪኩን እንፈጽማለን» ብሎ ይጽፋል። ይህ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚፈጸም አይደለምና ቢፈርስ አያስነቅፍም፤ ተስፋ እንጂ ቃል ኪዳን ሊባል አይገባውም። በተራኪው እጅ ያለው ጥቂት ነው፤ ቀን መቍረጥ፣ መልእክት መላክ፣ ቤቱን ማሰናዳት፣ ለመጣው ሰው ወንበር ማቅረብ። ያልመጣውን ሰው ወንበር ማንሣት ወይም እንዳለ መተው ግን በመዝገብ የሚወሰን አይደለም።

በጽሕፈት ከቀሩት የጨዋታ መዝገቦች መካከል አንዱ የተለየ ነው። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በሳንባ ሕመም ተይዞ፣ በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ በበረዶው ወራት በስዊስ አገር በዳቮስ ከተማ ሳለ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከነበረው ከእንጀራ ልጁ ከሎይድ ኦስቦርን ጋራ በትንንሽ ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ ይጫወት ነበር። የውጊያውንም ነገር እንደ ጋዜጣ ወሬ አድርጎ ይጽፈው ነበር። ጽሕፈቱ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ የሚናገር ሒሳብ ሳይሆን፣ ያልነበሩ የጦር አለቆችን የሚያመሰግንና የሚነቅፍ የቀልድ ጋዜጣ ነበር። ስቲቨንሰን በ1894 ዓ.ም. በሳሞአ ደሴት ሞተ። ልጁም ወረቀቶቹን ጠብቆ ኖሮ፣ በአራተኛው ዓመት በ1898 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ መጽሔት አሳተማቸው።