ሁለቱም ጫፍ እኩል

ልጆቼ፣ ነጠላ ስትገዙ አንዱን ጫፍ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ዘርግታችሁ ሁለቱንም ተመልከቱ። የእጅ ሥራ ከሆነ በዚህኛው ጫፍ ያለው ጥለት በዚያኛውም አለ። ከመሃል ተነሥቶ ወደ ግራ የሄደው ቀለም በዚያው ልክ ወደ ቀኝም ሄዷል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ድሩን እየቆጠረ፣ መወርወሪያውን እያመላለሰ የመጀመሪያውን ጥለት ይጥላል። ከዚያ ረጅሙን ነጭ ይሠራና የጀመረበትን ልክ ሳይረሳ መጨረሻው ላይ ይደግመዋል።

አባቶቻችን ማማር ያለው በልክ ውስጥ ነው ብለው ያመኑ ይመስለኛል። ላሊበላ ብትሄዱ በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጸ መስቀል ታያላችሁ፤ አራቱም ክንዱ እኩል ነው። ለምሥራቅ የበዛ፣ ለምዕራብ የጎደለ የለም።

ጊዜ ለኩሉ ይባላል፤ ነጠላም ለሁሉም ጊዜ ይሆናል። ለደስታ ስንወጣ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለቅሶ ስንደርስ ወደ አንገት ይወጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ስንስም መስቀለኛ እናጣፋዋለን። ቢገለበጥም ጥለቱ ያው ነው። ሰውም ሲያገኝም ሲያጣም በአንድ ልክ እንዲገኝ ይህ ልብስ በየቀኑ ይመክረናል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን፣ ልክን ያለበሱንን ሰዎች እኛ በልክ አለማየታችን ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ከተማውን አለበሱ። እኛ ግን ሸማኔን ቁጢት በጣሽ እያልን ስንሰድብ ኖርን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ከአፋችን ቶሎ አልወጣም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን በየጉባኤው እንተርታለን፤ ፈትሉን የፈተሉት እናቶቻችን ናቸው፣ ድሩን ያስተባበረው ደግሞ ያ የናቅነው ሰው ነው።

ዛሬ በማሽን የታተመ ጥለት በየገበያው በርካሽ ይሸጣል። አቅም ያነሰው ቢገዛው አልወቅሰውም። አቅም ያላችሁ ግን ወደ ሸማኔው ሂዱ፣ የድካሙን ያህል ክፈሉት፣ በስሙ ጥሩት። ልጁም ልጃችሁን ለትዳር ቢጠይቅ ዘሩን አትቁጠሩበት።