ቁልፉ ሲለወጥ የሚታማው ማን ነው?

ለመሆኑ የፖስታ ሣጥን ቁልፍ መለወጥ ሰውን መስደብ ነው? ጥያቄው ቀልድ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስመላለስ በዚሁ ሰበብ ተኳርፈው ሰላምታ የተነፋፈጉ ሰዎች አውቃለሁ።

በፊልም እንደምናየው በየግቢው በር ላይ የተተከለ የደብዳቤ ሣጥን የእኛ ልማድ አይደለም። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል፣ በተከራየነው ቁጥር ውስጥ ይቀመጣል፣ ሄደን ከፍተን እንወስዳለን። ሣጥን መከራየት የሚችል ሰው ደግሞ ምንጊዜም ጥቂት ነበር። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞ፣ ገና የመንገድ ዳር ከተሞች ሳሉ፣ ብዙው ነዋሪ ደብዳቤ የሚደርሰው በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤት፣ አለዚያም አዲስ አበባ ሣጥን ባለው ዘመድ ቁጥር ነበር። ፖስታው ላይ «በአቶ እገሌ በኩል ለወይዘሮ እገሊት ይድረስ» ተብሎ ይጻፋል። ጣጣው ሁሉ ያለው «በኩል» በምትለው ቃል ውስጥ ነው።

አንድ ጡረተኛ የሰበታ መምህር ነበሩ። አዲስ አበባ በተከራዩት ሣጥን እሳቸውን ጨምሮ አሥራ አራት ሰዎች ይጠቀሙበታል። መክፈቻው ተቀርጾ ተቀርጾ ስንት እጅ እንደገባ እሳቸውም አያውቁትም። ወደ ከተማ የወጣ ሁሉ ከፍቶ የሁሉንም ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን ከዐረብ አገር ለአንዲት ጎረቤት የተላከ ደብዳቤ ተከፍቶ፣ በሙጫ ተመልሶ ተለጥፎ ደረሳት። መምህሩ ማንንም አልጠየቁም፤ አላስማሉም። ፖስታ ቤት ሄደው፣ የሚከፈለውን ከፍለው፣ ቁልፉን አስለወጡ። አዲሱን መክፈቻም ከኪሳቸው አላወጡትም። በዚህ ጊዜ አሥራ ሦስቱ ተነሡባቸው። «ሌባ ሊሉን ነው?» አሉ።

ቁጣቸው መሠረት የለውም አልልም። አንድ ሰው ባጠፋ አሥራ ሦስት ሰው መጠርጠር ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያም በላይ እኛ ደብዳቤን በብረት ሳይሆን በሰው ስንጠብቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ከማዘዛቸው በፊት፣ መልእክተኛ ደብዳቤውን ጫፉ በተሰነጠቀ በትር ሰክቶ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ ይጓዝ ነበር። አይደብቀውም። ደብዳቤውን የሚጠብቀው የሁሉ ሰው ዓይን ነበር። የነገሥታቱ ማኅተም እንኳ ከደብዳቤው ራስጌ ነበር የሚያርፈው፤ ሥራውም የሚናገረው ማን እንደሆነ ማስታወቅ እንጂ አፉን መዝጋት አልነበረም።

ነገር ግን በትሩን ተሸክሞ በአደባባይ የሚሄደው ሰውና ብቻውን ሣጥን ፊት የቆመው ሰው አንድ አይደሉም። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ጋይጀስ ቀለበት ያነሣል። ቀለበቱን ያጠለቀ ሰው አይታይም፤ የማይታይ ሰው ደግሞ ጻድቅ ሆኖ ይኖራልን? ነው ጥያቄው። የተቀረጸች መክፈቻም ትንሽ የጋይጀስ ቀለበት ናት። ማን እንደከፈተ አይታወቅም። ይህ የሚጎዳው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ሐቀኛውን ነው። ደብዳቤ በጠፋ ቁጥር እሱም አብሮ ይታማል፣ ንጽሕናውንም የሚያስረዳበት መንገድ የለውም። መክፈቻው ከእጁ የወጣ ሰው ግን ሊታማ አይችልም። እንግዲህ ሽማግሌው አሥራ ሦስቱን ሰደቧቸው ወይስ ከሐሜት አወጧቸው? እኔ አወጧቸው ባይ ነኝ።

ይሁን እንጂ ቁልፍ አደራን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም። የፖስታ ቤትን ሣጥን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ከሆነ ቁልፉ ያለው በፊቱ ብቻ ነው። ደብዳቤ የሚለየው ሠራተኛ የሚያስገባበት የጀርባው ወገን ክፍት ነው። ምንም ዓይነት ቁልፍ ብናስገባ ከጀርባ የሚቆም፣ የምናምነው ሰው አይጠፋም። መክፈቻውም አንድ እጅ ሲገባ ያ እጅ ጌታ ይሆናል። የአሜሪካው ዲቪ ማመልከቻ እስከ 1995 ዓ.ም. በፖስታ ነበር የሚላከው። በቀጣዩ ዓመት ወደ ኢንተርኔት ቢዛወርም የዕጣው ማሳወቂያ ለዓመታት በፖስታ መምጣቱን ቀጥሏል። በሰው ሣጥን ቁጥር የሞላ ሰው ዕድሉ በባለሣጥኑ መዳፍ ውስጥ ነበር። «ደብዳቤህ እኔ ጋ ነው፤ ስንት ትሰጠኛለህ?» የሚለው ወሬ በዚያ ዘመን ያልደረሰው ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

የመምህሩም ፈተና የመጣው ከዚሁ ነው። ያቺ ደብዳቤዋ የተከፈተባት ሴት ሌላ ደብዳቤ መጣላት። ባሏ ቀድሞ ሰምቶ መጣ። «ባሏ ነኝ፤ ወደ ቤቴ የሚገባ ወረቀት ነው፤ ይስጡኝ» አለ። ሽማግሌው «የተጻፈው ላንተ አይደለም ልጄ፤ እሷን ላካት» አሉት። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አብዛኛው ሰው ከባልየው ጋር ነበር፤ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው፣ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ትዳር ውስጥ አይገባም እያለ። አነጋገሩ ያምራል። ግን አንድ ሥጋ መሆን አንድ ዓይን መሆን ነው እንዴ? የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የደብዳቤን ምሥጢር ማንም እንዳይደፍር ደንግጎ ነበር፤ የ1987ቱም በአንቀጽ 26 የፖስታ ደብዳቤን በስሙ ጠርቶ ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 31 ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ምሥጢርነት ያለውን ደብዳቤ የተቀበለው ሰው ራሱ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን አይገልጽም ይላል። በደብዳቤ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ ባልየው ፖስታውን ቢቀበል የሚደፍረው የሚስቱን ብቻ ሳይሆን ባሕር ማዶ ያለችውንም ሰው ነበር። ደብዳቤው ምን እንደያዘ አላውቅም፤ ማወቅም አይገባኝም።

ሴትየዋ ደብዳቤውን ራሷ ማንበብ መቻሏ ግን እንደ ትንሽ ነገር አይታይ። ማንበብ ለማይችል ሰው ሣጥኑ ቢቆለፍም ባይቆለፍም ያው ነው፤ የጎረቤት ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብለት ምሥጢሩ በግቢው ይዘራል። እዚያው ሰበታ የሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ስለዚህ ነው። በብሬል የተጻፈ ደብዳቤ በዓለም አቀፍ የፖስታ ሥርዓት ከክፍያ ነፃ ነው፤ በብዙ አገሮች ደንብ ደግሞ ለፍተሻ እንዲመች ሳይታሸግ ይላካል። ክፍት ሆኖ በስንት ዓይናማ እጅ ያልፋል፣ የሚያነበውም የለም። ዓይነ ስውሩ በጣቱ ዳስሶ ብቻውን ያነበዋል። ይህን ያህል የሚያስተማምን ቁልፍ የሠራ ቁልፍ ሠሪ እስካሁን አላየሁም።

ዛሬ ደብዳቤው ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሣጥኑም ገንዘቡም ኪስ ውስጥ ነው፤ መክፈቻው ጥቂት የምሥጢር ቁጥር ነው። ሱሉልታ ውስጥ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ስልካቸውን ለሱቅ ልጅ ሲያቀብሉ፣ ቁጥሩንም ጮክ ብለው ሲነግሩት ሰምቻለሁ። ልጁ ይሰማል፣ ይጫናል፣ ይመልሳል። አንዳንዱ ግን «እማማ፣ እዚህችጋ እርስዎ ራስዎ ይጫኗት» ብሎ ጣታቸውን ከቁጥሮቹ ላይ ካስቀመጠላቸው በኋላ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል።