ከመቶ ሃምሳ አንዱ

አንድ አደጋ እጅግ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ ሌሎቻችን ስለ እርሱ ልናስብ ይገባናልን? ጥያቄው የሒሳብ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የኅሊና ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፉት ቫይረሶች አንዱ ዌስት ናይል ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ ከታወቀበት የኡጋንዳ አውራጃ ነው። ቫይረሱ በአእዋፍ ደም ውስጥ ይኖራል፤ ትንኝም ከእነርሱ ወደ ሰው ታሻግረዋለች። ቫይረሱ ከገባባቸው 10 ሰዎች 8ቱ ያህል ምንም አይሰማቸውም፤ ከቀሩትም የሚበዙት ትኩሳትና ራስ ምታት ካደከማቸው በኋላ ይድናሉ። ነገር ግን ከ150 ሰዎች በአንዱ ያህል ላይ ወደ አንጎልና ወደ ነርቭ ዘልቆ የአንጎል ብግነት፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፣ አንዳንዴም የእጅና የእግር ሽባነት ያስከትላል። በዚህ ደረጃ ከታመሙት ከ10 አንዱ ያህል ይሞታል። ዕጣው ይበልጡን የሚወድቀውም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈ አረጋውያንና ሰውነታቸው በሽታን የመከላከል ኃይሉ በደከመ ሕሙማን ላይ ነው። ለሰው የሚሆን ክትባት እስካሁን የለም፤ ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒትም አልተገኘም።

«ከ150 አንድ ከሆነማ ምን ያሳስበናል?» የሚል አይጠፋም። ወባ ለሚመላለስባት፣ ለልጆቿ የዕለት ጉርስ ለምትደክም እናት ይህ አባባል ሚዛን የሚደፋ ሊመስላት ይችላል፤ አንፈርድባትምም። ይሁንና ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዙኃኑ እንጂ ስለ ታማሚው አይደለም። አደጋው ለደረሰበት ሰው መቶ ሃምሳኛ ሳይሆን ሙሉ ነው። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ሊፈልግ የወጣው እረኛም በቁጥር ብቻ ቢመራ ኖሮ ከመንጋው ባልተለየ ነበር።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በትንኝ በሚመጣ ሕመም ቸልተኛውና ተጎጂው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ብርቱው ወጣት ሳይከድነው በተወው በርሜል የተፈለፈለች ትንኝ አጥር አልፋ የምትነድፈው በጎረቤት ያሉትን አሮጊት ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ራሱ ምንም ስላልተሰማው የበደለ አይመስለውም። እንዲህ ያለው በደል ከሳሽ ስለሌለው ሊዳኘው የሚችለው ኅሊና ብቻ ነው።

ነገሩ ከአገራችንም የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ሌላው የትንኝ ቫይረስ፣ ቢጫ ወባ፣ ወደ 30,000 የሚገመት ሕይወት ቀጥፏል። በሽታውን ካዛመቱት ትንኞች አንዷ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠሎች መጋጠሚያ ላይ በሚጠራቀም የዝናብ ውሃ የምትራባ ነበረች። ያው ቢጫ ወባ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአባያ ሐይቅ ማዶ በሚገኘው በወላይታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በድሬዳዋ በቺኩንጉንያ የታመሙት ከ40,000 በላይ ነበሩ። ይህ ቫይረስ የሚተላለፈው በየቤቱ በሚጠራቀም ውሃ በምትራባ ትንኝ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ የጨቅላ ሕፃናትንና የአረጋውያንን አንጎል ይጎዳል።

እኛ በዲላና በመላው ጌዴኦ የምንኖረው በእንሰትና በቡና መካከል ነው። እንሰት ምግባችንና የቡናችን ጥላ ነውና ውሃ ይይዛል ብለን አንቆርጠውም። እንግዲህ ግዴታችን ትንኝን ከምድር ማጥፋት አይደለም፤ አይቻለንምና። በእጃችን ያለውን ማድረግ ነው። በርሜሉንና ጀሪካኑን መክደን፣ በአሮጌ ጎማና በተሰበረ ዕቃ የቋረውን ውሃ መድፋት፣ የተደፈነውን ቦይ መክፈት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ሲመጣ መከተብ ይቻለናል። በቤት ያለው አጎበር አንድ ብቻ ከሆነም፣ ከጉልበተኛው አስቀድሞ ለሕፃኑና ለአረጋዊው ይዘርጋ።

ደግሞም ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ትኩሳት የያዘው ሰው ሲቃዥ፣ አንገቱ ሲገተር ወይም ሲንቀጠቀጥ «ልክፍት ነው» ብሎ ከሰው መሰወር፣ ወይም በቤት በቀረ የወባ ክኒን ቀናትን ማሳለፍ፣ በሕመም ላይ በደል መጨመር ነው። ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። እንጸልይለታለን፤ ጸሎታችን ግን ሐኪም ዘንድ የምናደርስበትን ጊዜ አይሻማ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው በፍርሃት እንድንኖር አለመጠየቃችንን ነው። የሚጠየቀው ጥቂት ትጋት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ለመናቅ ይቀላል። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ከመቶ ሃምሳው አንዱ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ በርሜላችንን ስንከድን የምንከድነው ስሙን ለማናውቀው ለዚያ ሰው ነው።