ልጁን በር ላይ ስናስረክብ

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ አንዲት ደቂቃ ነው። ጠዋት ልጃችሁን ወይም ታናሽ እህታችሁን ሕፃናት ማቆያ፣ ኬጂ ወይም መድረሳ በር ላይ የምታስረክቡባት ደቂቃ። ቦርሳው ይሰጣል፣ ምሳ ዕቃው ይሰጣል፣ «ቻው» ይባላል፣ ከዚያ ወደ ታክሲ ሩጫ ነው። ማታም በዚያው ጥድፊያ ልጁ ይወሰዳል። በሁለቱ ጥድፊያዎች መካከል ልጁ ሙሉ ቀን ኖሯል። ስቋል፣ አልቅሷል፣ አዲስ ቃል ተምሯል፣ ምናልባት ፈርቷል። ከቤተሰቡ ግን ስለዚያ ቀን የሚያውቅ ሰው የለም።

ልጅ አማና ነው እንላለን። አማና ደግሞ በርክክብ ጊዜ ይታወቃል። ገንዘብ የምታስቀምጡበትን ሰው ስንት ጊዜ ታጣራላችሁ? ልጃችሁን የምታስረክቡትን ሰውስ ስሙን ታውቃላችሁ?

ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል እስከ ሽሮ ሜዳ ያለውን ሰፈር የምታውቁ ይህ ጉዳይ የቅንጦት እንዳልሆነ ይገባችኋል። እዚያ ገና ሳይነጋ ጫካ ወጥታ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ እናት አለች። ቀኑን ሙሉ ሸማ ሲሠራ የሚውል አባት አለ። ጉልት ላይ የምትቀመጥ አለች፤ ሰው ቤት ተመላላሽ የምትሠራ አለች። ጭራሮና ሕፃን በአንድ ጀርባ አይታዘልም። ስለዚህ ልጁ ወይ ጎረቤት ይቀራል፣ ወይ ከስምንት ዓመት እህቱ ጋር ይቀራል፣ ወይ ማቆያ ይገባል።

የቢሮ ሠራተኛዋም ብትሆን ከዚህ ብዙ አትርቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣታል፤ ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት። ቁርኣን ማጥባትን መሙላት ለፈለገ የጠቀሰው ሁለት ሙሉ ዓመት፣ ማለትም 24 ወር ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ልጁ ገና ጡት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ረጅም ወራት እናትየው ሥራ ስትውል ልጁን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ልጅን ለሌላ መስጠት ይቻላል ወይ?» አይደለም። ጥያቄው «ከሰጠን በኋላ እኛና ያ ሰው እንዴት አብረን እናሳድገው?» የሚለው ነው።

ሱብሓነላህ፣ ዲናችን ለዚህ መልስ አለው። በሱረቱል በቀራህ 233ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ስለ ማጥባት ሲናገር ሦስት ነገሮችን አብሮ አስቀምጧል። አንደኛ፣ ልጁን ከጡት ማስጣል በአባትና በእናት መፈቃቀድና መመካከር እንዲሆን። አስተውሉ፣ ስለ አንድ ሕፃን ጡት መጣል ሹራ ተጠይቋል! ሁለተኛ፣ ልጁን ሌላ ሴት እንድታጠባው መስጠት ኃጢአት እንዳልሆነ። ሦስተኛ፣ ለዚያች ሴት የሚገባት በመልካም ሁኔታ እንዲሰጣት። ምክክር፣ ፈቃድ፣ ክፍያ። ልጅን ለሌላ ሰው አደራ የመስጠት ሥርዓት በእነዚህ በሦስቱ ይቆማል።

እኛ ጋር ግን ብዙ ጊዜ ምክክሩ ይጎድላል። አባት «የልጅ ነገር የእናቱ ነው» ይላል። የኬጂው ወላጆች ስብሰባ ላይ ወንበሩን የሚሞሉት እናቶች ናቸው። ወንድሜ ሆይ፣ አንቀጹ ሁለታችሁንም ነው ያነሳው። የልጅህን መምህርት በዓመት አንድ ቀን እንኳ አግኝተሃት የማታውቅ ከሆነ ግማሹን አማና ለሚስትህ ብቻ አሸክመሃል።

አሁን ወደ አንድ ታላቅ ታሪክ እንሂድ። «እንጦጦ ማርያም» የሚለው ስም ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የደብራቸው ስም ነው። እኛም የመርየምን (ዐ.ሰ) ስም በክብር እንጠራለን፤ የቁርኣን 19ኛው ሱራ በስሟ ተሰይሟል። ስለ ልጅነቷ ደግሞ ሱረቱ አሊ ዒምራን ይነግረናል። እናቷ ገና በሆዷ ሳለች ለአላህ ተሳለቻት። ስትወልዳትም ስም አወጣችላት፤ እርሷንም ዘሯንም ከሸይጧን እንዲጠብቃቸው አላህን ለመነች። ከዚያም ልጅቷ በሌላ ሰው እጅ አደገች። ማን ያሳድጋት በሚለው ላይ ሰዎች ተሻምተው ብዕሮቻቸውን በመጣል ዕጣ እስኪጣጣሉ ደረሱ። የአሳዳጊነቱ ክብር ለነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። የመጀመሪያው፣ እናትየዋ ልጇን ስትሰጥ ባዶ እጇን አልሰጠቻትም። ስም፣ ዱዓና ጥርት ያለ ኒያ ይዛ ነው የሄደችው። ማቆያው የቤትን ሥራ አይተካም። ልጁ ከቤት የሚወጣው ስሙ ተጠርቶ፣ ተስሞና ዱዓ ተደርጎለት ከሆነ ቀኑን የሚጀምረው ሞልቶ ነው። ከአልጋ ተጎትቶ፣ ተቆጥቶና ተገፍቶ ከወጣ ግን መምህርቷ የምትቀበለው የተሰበረ ልጅ ነው።

ሁለተኛው፣ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ወደ መርየም በገቡ ቁጥር እርሷ ዘንድ ሲሳይ ያገኙ ነበር፤ ከየት እንዳገኘችውም ጠየቋት። መልሷ ከአላህ ዘንድ እንደሆነ ነበር። ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ካራማዋ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን አሳዳጊውንም ተመልከቱ። ይገባሉ። ያያሉ። የተለወጠውን ነገር ያስተውላሉ። ይጠይቃሉ። ልጅቷም ትመልሳለች፤ መልሷንም ይሰማሉ። እዚያው ላይ ቆመው እርሳቸውም ጌታቸውን ልጅ ለመኑ። አሳዳጊ ከልጅ ይማራል ማለት ነው።

ልጁ ከማቆያ ሲመለስ የእርሱ ያልሆነ መጫወቻ ይዞ ቢመጣ፣ ክንዱ ላይ የጣት ምልክት ቢታይ፣ ትናንት ይወድ የነበረውን በር ዛሬ ሲያይ ቢያለቅስ፣ አዲስ ነሺዳ ሲያንጎራጉር ብትሰሙት፣ ጠይቁ። ጥያቄው የፖሊስ ምርመራ አይሁን። «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን አሳቀህ? ማን አለቀሰ?» ማለት ይበቃል። እኛ ግን የለመድነው «ስንት ድረስ ቆጠርክ? የትኛውን ሱራ ሐፈዝክ?» ነው። ስለ ሒፍዙ ብቻ የሚጠየቅ ልጅ ስለ ፍርሃቱ መናገር እንደሚቻል አያውቅም።

ይህን ስል መድረሳዎቻችንንም እያሰብኩ ነው። ልጁን ለኡስታዙ አስረክቦ «ካጠፋ ግረፉልኝ» ብሎ የሚሄድ ወላጅ አለ። ይህ ትብብር አይደለም፤ ኃላፊነትን መጣል ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰላት ላይ ሆነው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ብለው ሰላቱን ያሳጥሩ እንደነበር በሰሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ለአንድ ሕፃን ለቅሶ ሰላት ከታጠረ፣ ለአንድ ሕፃን ለቅሶ የቁርኣን ትምህርት ቤት አለንጋ መውረድ አለበት።

ቀጥሎ የአሳዳጊውን ድርሻ እንይ። የሲራ መጻሕፍት እንደሚተርኩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃን ሳሉ ከመካ ውጪ በኒ ሰዕድ ዘንድ በሐሊማ እጅ አደጉ። የደረት መከፈት ክስተት ሲደርስ ሐሊማ ፈራች፤ ልጁን ይዛ ወደ እናቱ አሚና መጣች። አሚናም ነገሩን አስተዋለች። ልጁን ለማቆየት ያን ያህል ትጓጓ የነበረች ሴት ዛሬ ምን አስቸኮላት? ሐሊማ መጀመሪያ ምክንያት ልትደረድር ሞከረች። አሚና እውነቱን እስክትነግራት ድረስ ደጋግማ ጠየቀቻት። ሐሊማም ነገረቻት። አሚና አልጮኸችባትም፣ አልሰደበቻትም፤ ይልቅ ልጇ ትልቅ ነገር እንደሚጠብቀው ነግራ አረጋጋቻት።

ሁለቱን ሴቶች ለየብቻ ተመልከቱ። አሳዳጊዋ ፈርታም ቢሆን ልጁን ይዛ መጣች፤ እውነቱንም ተናገረች። እናቲቱ ሰማች፤ እውነት ስለነገረቻትም አልቀጣቻትም። በአንድ ማቆያ ውስጥ ልጅ ቢወድቅ፣ ቢነከስ፣ ሙቀቱ ቢጨምር፣ ተንከባካቢዋ የምትደብቀው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የወላጁን ጩኸት ስለምትፈራ ነው። እውነትን የሚቀጣ ወላጅ ሐሰትን ይገዛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ልጁ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የልጅን ጉዳት የምትደብቅ ማቆያ አማናውን በልታለች። ወላጅ ተረጋግቶ ደጋግሞ የመጠየቅ ሐቅ አለው፤ ጉዳዩ ከባድ ከሆነም ወደሚመለከተው አካል የመሄድ ግዴታ አለበት።

ክፍያንም አንርሳ። ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ከተንከባከቡት አንዷ በረካ፣ ኡሙ አይመን፣ ሐበሻ ነበረች። እናታቸው አሚና በአብዋእ ስታርፍ የስድስት ዓመቱን ልጅ ይዛ ወደ መካ የተመለሰችው እርሷ ናት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትልቅ ሆነው ይዘይሯት ነበር። ከእርሳቸው ሞት በኋላም አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ)፣ ረሱል ያደርጉት እንደነበረው ሄደው ዘየሯት። የኡማው ታላላቅ ሰዎች የአንዲት ሞግዚትን በር አንኳኩ! እናንተን በልጅነታችሁ ያዘለቻችሁ፣ አፍንጫችሁን የጠረገችላችሁ፣ «አሊፍ» ያስቆጠሯችሁ ዛሬ የት ናቸው? የማቆያዋ ሠራተኛ ደመወዝ ሲዘገይ፣ ወላጅ የወር ክፍያውን እያለው ሲያጓትት፣ «ሞግዚት ናት» ተብሎ በንቀት ሲጠራ፣ ይህ ሁሉ የሐቅ ጉዳይ ነው።

ተንከባካቢዋ ሙስሊም ላትሆን ትችላለች። በእንጦጦም ሆነ በአብዛኛው አዲስ አበባ ልጆቻችን ከክርስቲያን ልጆች ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የሚጫወቱት። ይህ ትብብሩን አያፈርሰውም፤ ግልጽነትን ግን ይጠይቃል። ልጃችሁ የማይበላውን ሥጋ፣ የምትጠሩበትን ሰላምታ፣ የዒድን ቀን አስቀድማችሁ በአክብሮት ንገሯት። ያልተነገራትን ነገር ሳታውቅ ብትሳሳት «ሆን ብላ ነው» ብሎ መጠርጠር ግፍ ነው። የእነርሱንም የጾም ወራትና በዓል ልጆቻችን በአክብሮት ይወቁ። አላህ በዲናችን ላልተዋጉን ሰዎች መልካም መዋልንና ፍትሕን አልከለከለንም።

ከእናንተ መካከል «እኔ ገና አላገባሁም፣ ልጅም የለኝ፤ ይህ ምን ያገባኛል?» የሚል ወጣት ይኖራል። የመጨረሻው ታሪክ ለአንተ ነው፤ ለአንቺም ነው። በሱረቱል ቀሶስ የሙሳ (ዐ.ሰ) እናት ልጇን ወንዝ ላይ ከጣለች በኋላ ማንን ላከች? እህቱን። እህቲቱ ከሩቅ ሆና፣ ሳይነቁባት ተከታተለችው። ሕፃኑ የሌሎችን ጡት እምቢ ሲል ጊዜው እንደደረሰ አወቀች። ወደ እነዚያ ኃያላን ቀርባ ልጁን የሚያሳድግላቸውን ቤተሰብ ልትጠቁማቸው ጠየቀች። ያንን ቤተሰብ ስትገልጽ ሁለት ነገር ነው የጠቀሰችው፤ እንደሚንከባከቡትና ለእርሱ ቅን እንደሚሆኑ። አሳዳጊ ስትመርጡ መስፈርቶቹ እነዚህ ናቸው። ቅንነት የሌለው እንክብካቤ ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም፤ እንክብካቤ የሌለው ቅንነትም ልጅን እርጥብ ዳይፐር ላይ ትቶ ዱዓ ያደርጋል።

አንዲት ወጣት ልጅ በንቃቷና በአንደበቷ ሕፃኑን ወደ እናቱ እቅፍ መለሰችው። ብዙ ቤት ውስጥ ማንበብ የምትችሉት፣ ስልክ የምትጠቀሙት፣ ከመምህርቷ ጋር ያለ ፍርሃት የምትነጋገሩት እናንተ ናችሁ። እናታችሁ ከጭራሮዋ፣ አባታችሁ ከሸማው ጋር ሲውሉ በቤትና በማቆያ መካከል ድልድይ መሆን ትችላላችሁ።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት ሦስት ሥራ፦

1ኛ፦ የታናሻችሁን ወይም የልጃችሁን ተንከባካቢ ስም እወቁ፤ በስሟ ጠርታችሁ አመስግኗት። ማታ ልጁን ማን ማን ሊወስደው እንደሚችል በጽሑፍ ስጧት።

2ኛ፦ ርክክቡ ላይ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ጠዋት «ሌሊት ተኝቷል፣ ቁርስ በልቷል፣ ትንሽ ያስለዋል» በሉ። ማታ «ዛሬ እንዴት ዋለ?» ብላችሁ መልሱን ቆማችሁ ስሙ።

3ኛ፦ ማታ ስልኩን አስቀምጣችሁ ልጁን ስለ ውሎው ጠይቁት። የሰማችሁትንም ለእናትና ለአባት ንገሯቸው፤ አብረው ይመካከሩበት።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሙ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ሰዎችን አሰማርቷል። በራችሁን ካንኳኩ ክፈቱላቸው፤ ጠይቋቸው፤ ለወላጆቻችሁም አስረዱላቸው። ልጅን ለመርዳት የመጣ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሁላችንም እረኞች ነን፤ ስለ መንጋችንም እንጠየቃለን። የዚያን ቀን «ማቆያ አስገብቼው ነበር» ማለት ለወላጅ መልስ አይሆንም፤ «ወላጁ ምንም አልነገረኝም» ማለትም ለአሳዳጊ መልስ አይሆንም።

አላህ ሆይ፣ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ አድርግልን። በእጃቸው ልጆቻችንን የሚያሳድጉትን እዘንላቸው፤ ሪዝቃቸውን አስፋላቸው። ጭራሮ ተሸክማ ለልጇ እንጀራ የምታመጣን እናት ሸክሟን አቅልልላት፤ ልጇንም እርሷ በሌለችበት ጠብቅላት። አሚን።

በጁሙዓ ሰለዋት አብዙ። ለአንዲት እናት ወይም ለአንዲት ሞግዚት አድርሱልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።