የባሺ ባዙቁ ሐር

ንባቡ፦ ሐር ለበሰ፤ ጠመንጃ አነገተ፤ ፊቱን መለሰ።

ታሪክ፤ ሠዓሊው ፈረንሳዊው ዣን ሌዎን ዤሮም ነው፤ በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ሦስት ወር ያህል ከረመና በመንገዱ የሰበሰበውን ልብስ ይዞ ገባ። ያንን በፓሪስ ስቱዲዮው ለአንድ ጥቁር ሰው አልብሶ ሣለው፤ «ባሺ ባዙቅ»ም አለው። ባሺ ባዙቅ የኦቶማን መንግሥት ደመወዝ ሳይቆርጥለት የሚያዘምተው፣ ዘርፎ የሚያድር ወታደር ነበር። ለቀይ ባሕር ዳርቻም ስሙ ባዕድ አይደለም፤ ግብፆች በያዙት ምጽዋ ነበሩ፤ በ1885 ወደቡን የያዘው ጣልያንም ከእነዚሁ ወታደር መለመለ።

ሐር ለበሰ። ዘራፊ ነውና የቀማውን ለበሰ። አንድም፤ ጀግና ነውና ለክብሩ ለበሰ። አንድም፤ ሠዓሊው አለበሰው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሥዕሉ ለሚያወራው ወሬ ይሆናሉ፤ ሦስተኛው የተደረገው ነው፤ እኔም ከዚህ አልወጣም። ይህ ሐር ለውጊያ ይሆናልን ቢሉ፤ አይሆንም፤ አንድ ሌሊት ሜዳ ቢያድሩበት ያበቃለታል። ቀርቦ ለሚያየው ግን ያስደንቃል፦ ፈዛዛው ሮዝ ጨርቅ ብርሃን ባረፈበት ወደ ነጭ ይሄዳል፤ እጥፋቱ ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል፤ የብሩሽ ፈለግ ግን አይገኝም። ፈለግን ማጥፋት የዚያ ትምህርት ቤት ሙያ ነበር። ለምን አጠፋው ቢሉ፤ እጀ ጥሩ ነው እንዲባል። አንድም፤ ያለበሰው እጅ እንዳይታይ። ሐሩ እንዲህ እውነተኛ ከሆነ ወታደሩም እውነተኛ ነው ብለን እንድንቀበል ነው።

ጠመንጃ አነገተ። ጌጥ ነው፤ ይለፍ።

ፊቱን መለሰ። ዓይን ለዓይን የማይገጥሙትን ሰው እንደ ልብ ያዩታልና፣ ለተመልካች እንዲመች መለሰ። ሠዓሊው በ1866 የባሪያ ገበያ ሥሎ ገዢ የሴት ጥርስ ሲመረምር ያሳየ ነውና፣ ይህ ትርጓሜ በዋዛ አይጣልም። የኤድዋርድ ሰኢድ «ኦሪየንታሊዝም» በ1978 ሲታተም ሽፋኑ ላይ የወጣው የእባብ ትርዒትም የእሱው ሥራ ነው። አንድም፤ ንቆን መለሰ። እንዲህ ላለው ሐሳብ ደረቱን ነፍቶ የሚነሣ ተመልካች ብዙ ነው፤ ደስ ይላል እንጂ ማስረጃ የለውም። አንድም፤ ሞዴል ነውና ወደዚያ እይ ቢሉት አየ። ይህ ከሁሉ ተራው ነው፤ እኔን የያዘኝም እሱ ነው። የአንድ ሰው መልክ ነው እንዳንል አርእስቱ ስሙን አይጠራም፤ የወታደር ዓይነት ነው እንዳንል ጉንጩም ከንፈሩም የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሌላ አይሆንም። ዤሮም ለጨርቁ የተጠነቀቀውን ያህል ለፊቱም ተጠንቅቋል፤ ባይጠነቀቅ ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር።

በ1876 ባሺ ባዙቆች ቡልጋሪያ ውስጥ ባታክ ላይ ሕዝብ ፈጁ፤ ስማቸውም በአውሮፓ የጭካኔ ስም ሆነ። ከዚያ ወዲህ አርእስቱን አንብቦ ቀና ያለ ሁሉ እዚህ ፊት ላይ ጭካኔ ቢፈልግ አይፈረድበትም። የፓሪሱ ሞዴል ግን ከባታክ ምን አገናኘው? ሥዕሉ ከ2008 ጀምሮ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ንብረት ነው፤ አርእስቱም ያው «ባሺ ባዙቅ» ነው።