የሞረዱ ብናኝ

የአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ አንጥረኛ ሽማግሌ ይሠሩ ነበር። በአራዳ ወርቅ መሥራት የቆየ ሙያ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመኖችም የአገር ልጆችም ኖረውበታል። ወደ እኚህ ሰው የሚመጣው ግን የሙሽራ ጌጥ ሳይሆን የሚጠበብ ቀለበት፣ የተበጠሰ ሐብል፣ ከእናት የተወረሰ መስቀል ነበር።

ሽማግሌው ዕቃውን የሚመዝኑት ባለቤቱ ፊት ነው፤ ግራሙንም ከነነጥቡ ጽፈው ይሰጡታል። ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ሥር ቆዳ ወጥረዋል። ሞረዱ ሲሄድና ሲመለስ ከወርቁ የሚረግፈው ብናኝ እዚያ ቆዳ ላይ ያርፋል። ሥራው ሲያልቅ ቆዳውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገው ብናኙን በወረቀት ይጠቀልሉና የባለቤቱን ስም ይጽፉበታል። 6.40 ግራም ሆኖ የገባ ቀለበት 6.25 ሆኖ ከወጣ፣ የጎደለው ከወረቀቱ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ይውሰደው፣ ለድካምዎ ይሁን ይበላቸው፣ እሱ ያውቃል። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ብናኝ ቢቀልጥ ደህና ገንዘብ ያወጣል። ማንም ስለማይጠይቀው ብዙ አንጥረኛ የራሱ ድርሻ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ከእሳቸው ክፍል በላይ፣ በእንጨት ደረጃ በሚወጣበት ፎቅ ላይ፣ አንዲት ወጣት ካውንስለር ቢሮ ነበራት። ልበ ቀና ናት። ሰው ሲያለቅስ አትቸኩልም፣ ቀጠሮዋን አታዛንፍም፣ ከባለጉዳይ ስጦታ አትቀበልም። የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት በብረት ሳጥን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታስራለች።

ወደ እሷ ከሚመጡት አንዷ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ይህች ሴት በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ደሴ ሳለች፣ ሴት ልጅ ወልዳ ልጅ ላጡ ባልና ሚስት ሰጥታ ወደ አዲስ አበባ መጥታለች። እዚህ አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለች። ባሏ አያውቅም። ለንስሐ አባቷ እንኳ መናገር ከብዷት ኖረ፤ የእሷ ንስሐ አባት የባሏም ናቸውና ቤት መጥተው አብረው ሲቀመጡ ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም። በየዓመቱ በገና ዋዜማ ግን የሴት ልጅ ቀሚስ ትገዛለች፣ ልጇ በደረሰችበት ዕድሜ ልክ። ቀሚሱን አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ለምትለምን ልጅ ትሰጥና ሰው ሳያያት ትመለሳለች። ይህን ሁሉ ለካውንስለሯ ስትናገር የደረቷ ክብደት በመጠኑ ቀለላት።

አንድ ቀን የሰፈሩ የሴቶች ዕድር ካውንስለሯን ጋበዛት። በቀበሌው አዳራሽ ቆማ ጭንቀትን አምቆ መያዝ የሚያመጣውን ጉዳት አስረዳች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት፤ የጠየቀ የለም። ያን ጊዜ ልታደፋፍራቸው ብላ፣ “አንዲት እናት አሉ” አለች። ስም አልጠራችም። ደሴን ሌላ አገር አደረገችው፣ የልጆቹንም ቁጥር ለወጠች። ቀሚሱን ግን እንዳለ ተወችው፤ ያለ እሱ ታሪኩ ልብ አይነካም ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ። በማግስቱ ሁለቱ ቀጠሮ ያዙ። ካውንስለሯም እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ የቀረውን ይገምታል። ግድግዳው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር። ሴት ልጅ የሌላት እናት በየገናው የሴት ልጅ ቀሚስ በፌስታል ይዛ ስትወጣ ያላየ ማን አለ? እስከዚያ ቀን ድረስ ስለት ይሆናል ብለው አልፈውታል። ከአዳራሹ በኋላ ግን ሁለቱን ነገር ለመግጠም አንድ ምሽት በቂ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሴትየዋ የሰማችው ከሁሉ ኋላ ነው። ቧንቧ ላይ ጄሪካኗን አሰልፋ ሳለች አንዲት ጎረቤቷ፣ ለክፋት ሳይሆን ለማጽናናት አስባ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ “ዘንድሮ ቀሚሱ ስንት ቁጥር ደረሰ?” አለቻት።

ሴትየዋ ቀጠሮዋን ቀረች። የሚቀጥለውንም ቀረች። ስልኳ አይነሳም። ካውንስለሯ ተሽሏት ይሆናል ብላ አሰበች።

አንጥረኛው ባለቤታቸው የዕድሩ አባል ናቸው። አንድ ማለዳ ካውንስለሯን ቡና ጠርተው ከጠረጴዛቸው አጠገብ አስቀመጧት። ስለ ሴትየዋ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የአንድ ሰው ቀለበት ሞርደው፣ ቆዳውን ጠርገው፣ ብናኙን ጠቅልለው ስም ሲጽፉበት ዝም ብለው አሳዩዋት።

“ይቺ ምን ታደርጋለች ጋሼ?” አለች።

“ለእኔ ምንም። ግን የእኔ አይደለችም።”

ካውንስለሯ ቆዳውን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ቡናው ከእጇ ቀረ። “እኔ እኮ ስም አልጠራሁም” አለች።

“ስም ያልተጻፈበት ወርቅም ባለቤት አለው ልጄ።”

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሙያ ምስጢር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በክፋት ወይም በጉቦ የሚወጣው ነው። ለዚያ ሕግ አለ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ጠበቃውን፣ ሐኪሙን፣ የሃይማኖት አባቱንና አማካሪውን አብሮ ጠርቶ የሙያውን ምስጢር ያወጣውን ይቀጣል። ሕፃን እየተጎዳ ወይም ሰው ሊገደል ከሆነ ደግሞ ዝምታው ራሱ በደል ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። የሚያስቸግረው ሌላው ነው፤ ለማስተማር፣ ለማጽናናት፣ ለሥልጠና ምሳሌ እንዲሆን ተብሎ፣ ስም ተቆርጦለት በመልካም ልብ የሚወጣው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚሉት አባቶቻችን፣ አደራውን ለመልካም ነገር ላወጣ ሰው የተለየ መዝገብ አልከፈቱለትም። ሁለት ሴቶች ከአዳራሹ በኋላ እርዳታ ማግኘታቸው እውነት ነው፤ የተከፈለው ግን በሦስተኛዋ ገንዘብ ነበር፣ እሷም አልተጠየቀችም።

ካውንስለሯ ተነሥታ፣ “ቡናና ስኳር ይዤ ቤቷ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ” አለች።

“በቀን፣ በሰፈሩ መካከል፣ አንቺ ስኳር ይዘሽ የአንዲቱን ሴት በር ብታንኳኪ፣ እስከ ዛሬ የተጠራጠረው ሁሉ አያረጋግጥም?”

“እንግዲያው እርስዎ ይላኩልኝ።”

“ወደ ማን?” አሉ ሽማግሌው። “እኔ ምን አውቄ? አንቺ ስም አልጠራሽም።”

ይቅርታ መጠየቂያ መንገዱን ጭምር በራሷ አፍ እንደዘጋችው የገባት ያን ጊዜ ነው። ወደ ላይ ወጥታ ያደረገችውን ለኃላፊዋ ሳትቀንስ ተናገረች፤ በጽሑፍም አኖረችው። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ እንጂ ሌላ ማድረግ የምትችለው አልነበረም።

ሴትየዋ የመጣችው ሱቆች ከተዘጉ በኋላ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ነው። አልተቀመጠችም።

“ወረቀቴን ስጪኝ።”

ካውንስለሯ ሳጥኑን ከፍታ ሰጠቻት።

“አዳራሽ ውስጥ ያወራሽውንስ?”

ካውንስለሯ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ያማራት ነበር፣ ግን ሴትየዋን አጽናኝ ሊያደርጋት ነው። ያለችውን ቃል በቃል ደገመችላት። “አገሩን ለወጥሁት። የልጆቹን ቁጥር ለወጥሁት። ቀሚሱን ተናገርሁ።”

“ልኩ በየዓመቱ እንደሚያድግም?”

“እሱንም።”

“ማን ማን ነበር?”

በአዳራሹ የተቀመጡትን የምታስታውሳቸውን አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ይህን ማወቅ የሴትየዋ መብት ነበር።

“ከእነሱ ውስጥ ከዚያ በኋላ ወደ አንቺ የመጣች አለች?”

“እሱን አልነግርዎትም እትዬ።”

ሴትየዋ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየቻት። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

“ወደ ሌላ ሰው ጻፊልኝ። ከዚህ ሰፈር ራቅ ይበል።”

ካውንስለሯ ሁለት መስመር ጻፈች፤ በመጀመሪያው የሴትየዋን ስም፣ በሁለተኛው ‘ጉዳያቸውን ራሳቸው ይናገራሉ’ የሚል። ሴትየዋ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ቀስ ብላ አነበበችና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“ስሜንም ራሴ እናገራለሁ” አለች።

ካውንስለሯ ወረቀቱን ቀዳ በሌላ ላይ አንዱን መስመር ብቻ ጻፈችና ማኅተም መታችበት።